ስለ ሁለቱ መድኃኒቶችና እኔ ስለ ሠራሁት የሰዓት ሰሌዳ

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለባለቤቴ ለወይዘሮ አስካለ፣ በክርስትና ስሟ ለወለተ ሥላሴ ነው። ጸሐፊው በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 3 ሰፈር የምኖር፣ ዓርብ ዓርብ ልጆችን ፊደልና ዳዊት የማስተምር፣ በቀረው ቀን በአንድ የትራንዚት ቢሮ የጭነት ወረቀት የምጽፍ፣ አንቺም ሌላውም ሰው «የኔታ» እያላችሁ የምትጠሩኝ ባልሽ ነኝ። የምጽፍበት ምክንያት አንድ ነው። በሕዝብ ፊት ቆሜ ስለ አንቺ ያስተማርሁት ትምህርት ስሕተት ሆኖ ስለ ተገኘ በሕዝብ ፊት ላርመው ይገባል። ይሁንና ጉዳዩ ከማንም አስቀድሞ የአንቺ ነውና፣ ሌሎች እየሰሙ ለአንቺ እጽፋለሁ።

አስካለዬ፣ ከተለያየን አራት ወር ተኩል ሆነ። ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

በቤታችን የተለወጠውን ልንገርሽ። አልጋሽን ከመስኮቱ አርቄዋለሁ፤ ለምን እንዳራቅሁት አላውቅም። ጋደም ስትዪ ትንፋሽ እያጠረሽ ተደግፈሽ ታድሪባቸው ከነበሩት ሦስት ትራሶች ሁለቱን ግድግዳ ለምንጋራት ለሐሊማ ሰጥቻታለሁ። ልብሶችሽን በዕረፍቷ ቀን እየመጣች የምትጠይቀን ጥሩነሽ አጥባና አጣጥፋ በሻንጣ አስገብታቸዋለች፤ ሻንጣው ከበሩ ጀርባ ነው። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው። የቬንትሌተሩ አንድ ክንፍ ተሰብሮ ሲዞር ይንኳኳል፣ አላስጠገንሁትም። ምግቤን ራሴ አበስላለሁ። ጨው አልጨምርበትም፤ ሐኪሙ ለአንቺ ከከለከለሽ ጀምሮ ያለ ጨው የለመደ አፌ ወደ ቀድሞው መመለስ አልቻለም።

ልቅሶን በተመለከተ፣ አላለቀስሁም። ሰዎች «ጽናት ነው» አሉ፣ እኔም አላረምኋቸው። ጽናት እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ጥርስ ሊነቀል በመርፌ እንደ ደነዘዘ ድድ ነው፤ ምላስ ይነካዋል፣ የራስ አይመስልም። ቢሮ እገባለሁ፣ ወረቀት እጽፋለሁ፣ ሾፌሮቹ ሲያመሰግኑኝ እሰማለሁ። ልጆቹ ዳዊት ሲደግሙ ስሕተታቸውን አልፈዋለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተማሪን ስሕተት ሳላርም ያለፍሁት አሁን ነው።

ሕመምሽ እንዴት እንደ ጀመረ ታስታውሻለሽ። ልብስ ልታሰጪ ወደ ጣሪያው ስትወጪ ከደረጃው መካከል መቀመጥ ጀመርሽ። ቀጥሎ እግርሽ አበጠ፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀር ነበር። ሐኪም ቤት የሄድን ዕለት ጥሩነሽ በፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ ስለምትኖርና ቋንቋቸውን ስለምታውቅ፣ እመቤቷን አስፈቅዳ ልታስተረጉምልን መጣች። ሐኪሙ ቀጭን፣ ቃል የማያበዛ የዚህ አገር ሰው ነበር። በመጀመሪያ ያዘዘልሽ መድኃኒት ቆይቶ ኩላሊትሽን ስለ ነካው አስተወሽና በምትኩ ሁለት ክኒኖች አብሮ አዘዘ። እኔም ለአንድ ሕመም ሁለት መድኃኒት ማብዛት ምን ይባላል፣ አንዱ አይበቃም ወይ ብዬ አስጠየቅሁት። ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ልብ ሣለ፣ ጥሩነሽም እየተከታተለች ነገረችኝ፦

«የኔታ፣ የእትዬ ልብ ደክሟል ነው የሚለው። ይኼኛው ክኒን ደም መልሱን ያሰፋል፤ ወደ ልብ የሚመጣው ሸክም ይቀልላል። ያኛው ደሞ ደም ቅዳውን ያሰፋል፤ ልብ ሲገፋ አይታገልም። አንዱን ብቻ ከሰጠኋቸው ግማሽ ሥራ ነው ይላል። ደሞ ሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆዩም። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ሁለቱንም፣ ቀኑን አከፋፍላችሁ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሥርዓት ያለው ነገር ደስ ያሰኘኛል። መግቢያውም መውጫውም እኩል ሲከፈት ደም እንዲመላለስ የተደረገበትን ጥበብ ሳስብ፣ ሐኪሙን በልቤ አከበርሁት። አንቺ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስሽን በሻሽ ጠፍረሽ ትውዪ ነበር፤ የራስሽም ሥሮች አብረው ሰፍተው ነበርና። «ልቤ ሲታረቀኝ ደግሞ ራሴ ተጣላኝ» ብለሽ ስትስቂ ሰምቻለሁ። ሳቅሽ እንደ ድሮው ረጅም ነበር፤ መካከሉ ላይ በሳል አልተቆረጠም።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ በእግርሽ ምኒልክ አደባባይ ደረስሽ። በመንገድ ያረፍሽው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ከቡና ቤቶቹ በአንዱ በረንዳ ተቀምጠሽ አይስክሬም አዘዝሽ። በመንገድ ዳር መብላት ለመምህር ቤት እንደማይገባ ነገርሁሽ። «ቆመው ይዩኝ እንጂ፣ የኔታ፣ ሳላለከልክ ስበላ» አልሽኝ። እኔም ቆሜ አየሁሽ። ቡና ቤት ተቀምጬ ስለማላውቅ አልተቀመጥሁም። ከጎንሽ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አይስክሬሙ በሙቀቱ እየቀለጠ በእጅሽ ሲወርድ መሐረቤን ሰጠሁሽ። በዚያን ቀን የሰጠሁሽ እርሱን ብቻ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ያደረግሁት ቀጥሎ የምጽፈውን ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም እንደማይቀመስ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ክኒን ያለ ውሃ አይዋጥም። ሕጉ ለሕመምተኛ እንደሚያዝን አውቃለሁ፣ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን የመምህር ቤት ከሌላው ቤት የጠበቀ መሆን አለበት ብዬ አመንሁ። የንስሐ አባታችንን አልጠየቅሁም። ሐኪሙንም አልጠየቅሁም። አንቺንም አልጠየቅሁሽም። ባሕረ ሐሳብ የተማርሁ፣ በዓላትንና አጽዋማትን ያለ ወረቀት የማሰላ ሰው ነኝና፣ ሦስት ጊዜ መዋጥን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማድረግ ለእኔ ሥራ አልነበረም። ከካርቶን ሰሌዳ ቆርጬ በቀይና በጥቁር ቀለም ጻፍሁት፦ በዘጠኝ ሰዓት፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ከመድኃኒቶችሽ በላይ በምስማር ሰቀልሁት። ጽሕፈቱ ያማረ ነበር። ሦስት ጊዜ ተብሎ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ሆነ፤ ሁለቱ አብረው ይወሰዱ ተብሎ ነበር፣ አብረው ተወሰዱ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ያለው አሥራ ስምንት ሰዓት ነው። ይህን መቁጠር የማልችል ሰው አይደለሁም። አልቈጠርሁትም።

የሰሌዳውን ስሕተት መጀመሪያ ያየችው ጥሩነሽ ናት። በዕረፍቷ ቀን ልትጠይቅሽ መጥታ ቆማ አነበበችው። «የኔታ፣ ዶክተሩኮ ቀኑን አከፋፍላችሁ ነው ያለው። ይኼ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ነው» አለችኝ። «ያስተረጎምሽው ይበቃል፤ ማስተማሩን ለእኔ ተዪው» አልኋት። አንቺ ምስር ትለቅሚ ነበር። ቀና አላልሽም።

በዚያ ወቅት የእኛና የሙስሊሞቹ ጾም ገጥሞ ነበር። ሐሊማ የስኳር ሕመም ስላለባት ሐኪሟ ጾም ከልክሏት በቀትር ትበላ ነበር፤ ያውም በሩን ሳትዘጋ። ድሬዳዋ ስላደገች ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው የምትለው። ሰሌዳውን ጥሩነሽ አንብባላት ስታበቃ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አንተ የክርስቲያን ሼኽ» አለችኝ፣ «እኔ ሐኪም ብዪ ሲለኝ እበላለሁ፣ አላህንም አላፍረውም። ይቺ ሴትዮ ምን በደለችህ?» ለሁሉም የየራሱ ሕግ አለው ብዬ መለስሁላት። «ሕግ አስተምረኝ መች አልኩህ? ውሃ ስጣት ነው ያልኩህ!» ብላ ሄደች። አንቺ ከእኔ ተደብቀሽ ፈገግ ስትዪ አይቻለሁ። እንዳላየሁ ሆንሁ።

ጧት ጧት አልጋው ጫፍ ላይ እግርሽን አውርደሽ ትቀመጪ ነበር። ትንፋሽሽ ከእኔ አልጋ ድረስ ይሰማ ነበር። የእግርሽ እብጠት ተመለሰ። በዘጠኝ ሰዓት ሁለቱን ክኒኖች በባዶ ሆድ ስትውጪ ደግሞ፣ ከተቀመጥሽበት ስትነሺ ዓይንሽ ይጨልምና ግድግዳውን ትይዢ ነበር። «ደክሞሻል?» ብዬ ጠይቄሻለሁ፤ አንድ ቀን ሳይሆን ብዙ ቀን። ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ፣ የኔታ» ነበር መልስሽ። መልሱን የወደድሁት ስለሆነ ተቀበልሁት።

ከደብረ ዘይት በኋላ ባለው ረቡዕ ክኒኖቹን ዋጥሽ፣ ኩባያውን ልትመልሺ ተነሣሽ፣ በአልጋውና በበሩ መካከል ወደቅሽ። ሐሊማ ድምፁን ሰምታ ከእኔ ቀድማ ደረሰች። እርሷ በብብትሽ፣ እኔ በእግርሽ ይዘን ታክሲ ውስጥ አስገባንሽ። ክብደትሽ ትንሽ ነበር። እግርሽ ብቻ ከበደኝ።

ሐኪም ቤት መድኃኒቱን በስንት በስንት ሰዓት ትወስጂ እንደነበር ጠየቁን። ጥሩነሽ ጥያቄውን ተረጎመችልኝ፣ እኔም ሰሌዳውን በቃሌ አልሁላት፣ እርሷም ተረጎመች። በፈረንሳይኛ ስትናገረው ድምፅዋ ዝቅ አለ። ሐኪሙ ጻፈ። ወደ እኔ አልተመለከተም። ዓርብ ቀትር ላይ ዐረፍሽ። በዚያ ሰዓት፣ እንደ ወትሮው ቢሆን ኖሮ፣ ልጆቹን አስተምሬ ወደ ቤት የምመለስበት ነበር።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሐኪሙ ተመልሼ ሄድሁ። የገደላት ይህ ነው ወይ ብዬ በጥሩነሽ አፍ ጠየቅሁት። መድኃኒቶቹ ጧት ሳይኖሩ ልብሽ ብቻውን ሲታገል እንደሚያረፍድ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በባዶ ሆድ በአንድነት ሲገቡና በየሦስት ሰዓቱ ሲደጋገሙ የደም ግፊትሽን ያለ ልክ እንደሚያወርዱት አስረዳኝ። ፍርዱን ግን አልሰጠኝም። «ልባቸው ቀድሞም ደካማ ነበር። ይኼ ነው ማለት አልችልም። አይደለም ማለትም አልችልም» አለ። ቤቴ ገብቼ ሰሌዳውን አወረድሁት። ካርቶኑን ምን እንዳደረግሁት አላስታውስም።

አሁን ወደ በደሌ እደርሳለሁ። እስከዚህ የጻፍሁት ስሕተት ነው ሊባል ይችላል፤ የሚቀጥለው በደል ነው።

በአርባሽ ዕለት የንስሐ አባታችን ወደ ጎን ወስደው እንዲህ አሉኝ፦ «ወለተ ሥላሴን እኮ ጾሙ ሳይገባ ፈትቻት ነበር። በማለዳ ቀምሰሽ መድኃኒትሽን ውሰጂ ብያታለሁ። አልነገረችዎትም?» አልነገርሽኝም። ይህን ስሰማ ላፍር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ኩራት ነበር። ተፈትተሽ ሳለ ጾምሽ። ማንም ሳያስገድድሽ፣ በገዛ ፈቃድሽ፣ ስለ አምላክሽ ፍቅር ጸናሽ። እንዲህ ከሆነ ሰሌዳው የእኔ አይደለም፣ የአንቺ ነው፤ እኔም ነጻ ነኝ። ይህን ሁሉ ያሰብሁት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ወዲያው በሕዝቡ መካከል ቆሜ አስተማርሁ። ሐኪም እያዘዛት፣ ካህን ፈትቷት፣ ሕመሟን ሳትፈራ የጾመች ሴት ብዬ አመሰገንሁሽ። የዛሬ ሴቶች ከእርስዋ ተማሩ አልሁ። ብዙዎች አለቀሱ። እኔ ቃሌ ሳይሰበር፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ጨረስሁ። ሐሊማ ከዳር ቆማ ነበር፤ ስጨርስ ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ባለፈው ዓርብ ልጆቹን አሰናብቼ ስወጣ፣ በወደቡ መንገድ ለሾፌሮች ምግብ የምታበስለው ዘነበች በር ላይ ጠበቀችኝ። የደም ግፊት እንዳለባት ታውቂያለሽ። እጄን ስማ፣ ፊቷ በርቶ፣ «የኔታ፣ እኔም ፍልሰታን እንደ እትዬ አስካለ ልጾም ወስኛለሁ። የጠዋቱን ክኒን ከአሁኑ ትቼዋለሁ፤ ማታ ደርቤ እውጠዋለሁ» አለችኝ። እኔም «እግዚአብሔር ያበርታሽ» አልኋት። አዎን፣ ብያታለሁ። ከአፌ የወጣው በልማድ ነው ብል ማስተባበል ይሆንብኛል።

የዕረፍቷ ቀን ነበርና ጥሩነሽ ከጎኔ ቆማ ሰምታለች። እስከ ቤታችን ድረስ ተከተለችኝ፣ ከእኔ በኋላ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ከሐሊማ በቀር በዚያ ክፍል ውስጥ በእኔ ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ያለችኝን በመጨረሻ እጽፈዋለሁ፤ ቅድሚያ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ልንገርሽ።

በማግስቱ ቢሮ ሳልገባ ወደ ዘነበች ሄድሁ። ድስት እያማሰለች አገኘኋት፣ ሾፌሮችም ተቀምጠው ነበር። ተሳስቼ አስተምሬሻለሁ፣ ክኒንሽን ሐኪሙ ባዘዘሽ ሰዓት ቀምሰሽ ውሰጂ አልኋት። ፊቷ ተለወጠ። «እንዴ፣ የኔታ! ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀሰው በምን ነበር?» አለችኝ። ሾፌሮቹ መብላታቸውን አቆሙ። ከዚያ በኋላ ክኒኑን አምጥታ በፊቴ ዋጠች፤ ደስ ብሏት እንዳይመስልሽ፣ ተቆጥታ ነው። ለእኔ ያም ይበቃኛል። የንስሐ አባታችን ዘንድም ሄጄ ሁሉን ተናዘዝሁ፤ የሰጡኝን ቀኖና በአደባባይ መናገር አይገባም። ይህን ደብዳቤ ግን በፍልሰታ ዋዜማ፣ በአርባሽ ቀን በቆምሁበት ስፍራ ቆሜ እንዳነበው ፈቅደውልኛል።

ስለዚህ በዚያ የምትሰሙኝ ሁሉ ስሙ። ታማችሁ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በሰዓቱ ውሰዱ። ከሁለት አንዱን አትተዉ፣ የጧቱን ወደ ማታ አትደርቡ። ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ሳትጠይቁ ማንም መምህር፣ እኔም ብሆን፣ ሰዓት ቢያወጣላችሁ አትስሙት። አስካለን ምሳሌ አድርጌ የሰጠኋችሁ ያለ ፈቃዷ ነው። መልሼ እወስዳታለሁ።

አስካለዬ፣ ለአንቺ የምገባልሽ ቃል ይህ ነው። ስምሽን በጸሎት ስጠራ «ጽኑዋ» ብዬ አልጠራሽም፤ ያ እኔ ያለበስሁሽ ስም ነው። ጣሪያው ላይ ልብስ ስታሰጪ፣ ራስሽን በሻሽ ጠፍረሽ ስትስቂ፣ አደባባዩ ዳር ሳታለከልኪ ስትበዪ አስብሻለሁ። ዓርብ ቀትርን ሥራ አልሠራበትም፤ ተቀምጬ አስብሻለሁ። ደኅና ነኝ ያልሽኝንም ቀኖች ሁሉ አስባለሁ፣ አንድ በአንድ። ልቅሶው ይመጣ እንደሆነ አላውቅም። ቢመጣም ባይመጣም አስብሻለሁ።

ጥሩነሽ ያለችኝን ሳልጨምርና ሳልቀንስ አሰፍራለሁ። እኔ «አስካለ ተፈትታ ሳለ የጾመችው ለእግዚአብሔር ብላ ነው፣ አንቺ አታውቂም» ብዬ ስገሥጻት፣ እንዲህ አለችኝ፦

«አውቃለሁ እንጂ፣ የኔታ! እትዬ እዚችው አልጋ ላይ ተቀምጠው ውሃ ይዤላቸው ጠይቄያቸዋለሁ። አባ ፈትተውዎት የለ፣ ምናለ ቢውጡት አልኳቸው። ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት? ‹እግዚአብሔርስ ያውቅልኛል፤ የኔታን ግን ምን እላቸዋለሁ?› ነው ያሉኝ።»